የዶርዜ ቀይ አፈር ስንት ውሃ ይችላል?

ከአፈር ላቦራቶሪ ምርመራዎች ሁሉ የምወደው ርካሹን ነው። አንድ ጠፍጣፋ መስታወትና መዳፍ ይበቃዋል። በውሃ በደንብ ከታሸው አፈር ትንሽ ቆንጥሬ አድበለብላለሁ፤ ከዚያ መስታወቱ ላይ ወደፊት ወደኋላ እያንከባለልኩ ክር አደርገዋለሁ። ክሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀጥኖም ካልተሰባበረ አፈሩ ገና ውሃ አለው ማለት ነው። ሰብስቤ እንደገና አድበለብለዋለሁ፣ እንደገና አንከባልለዋለሁ። የእጄ ሙቀት ውሃውን ቀስ በቀስ ይወስድለታል። ብዙ ከተመላለስኩ በኋላ አንዱ ዙር ላይ ክሩ ልክ እዚያ ውፍረት ሲደርስ ስንጥቅጥቅ ብሎ ይፈረፈራል። ቶሎ ብዬ ፍርፋሪውን ትንሽ ጣሳ ውስጥ ከትቼ እመዝናለሁ፤ ኦቨን ውስጥ በ105 ዲግሪ አድሮ ሲደርቅ ደግሜ እመዝናለሁ። የጎደለው ክብደት ውሃው ነው። እሱን ለደረቀው አፈር ክብደት አካፍለን በመቶኛ ስንጽፈው ፕላስቲክ ሊሚት እንለዋለን። ከዚያ ቁጥር በታች አፈሩ ይሰባበራል፤ ከዚያ በላይ እንደ ሊጥ ይታዘዛል።

"ክር" የሚለው ቃል ለዶርዜ ልጅ ተራ ቃል አይደለም። እኛ ጋ፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ባለው ደጋ፣ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ነጠላ የገዛ ሰው ሁሉ ከአንድ የአገሬ ሰው ጋር ሳይከራከር አልቀረም። እናቴ አንድ ቀን ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠይቃኝ ይህን ምርመራ አሳየኋት። እንዝርቷን ሳታቆም አየችኝና፣ "አምስት ዓመት የተማርሽው ይሄን ነው? ጭቃ መፍተል?" አለችኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራችው። አሁንም ስሄድ "ጭቃ ፈታይዋ መጣች" ይላሉ።

ሁለተኛው ምርመራ ድምፅ አለው። የካሳግራንዴ ኩባያ የምንለው ጎድጓዳ የነሐስ ሳህን አለ። ጭቃውን ሳህኑ ላይ እለጥፍና መሃሉን በመጫሪያ ለሁለት እከፍለዋለሁ። መዘውሩን ሳዞር ሳህኑ 10 ሚሊ ሜትር እየተነሣ ጠንካራ መሠረቱ ላይ ይወድቃል፤ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ፣ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ። በእያንዳንዱ ምት ሁለቱ የጭቃ ዳርቻዎች ትንሽ ትንሽ ይቀራረባሉ። ቦዩ በ25ኛው ምት ላይ በ13 ሚሊ ሜትር ርዝመት ከተገጣጠመ፣ ጭቃው ውስጥ ያለው የውሃ መጠን ሊኩዊድ ሊሚት ነው። አፈሩ መታዘዙን ትቶ መፍሰስ የሚጀምርበት ማለት ነው። ልክ 25 ላይ መግጠም የዕድል ጉዳይ ስለሆነ ውሃውን እየቀያየርን ሦስት አራት ጊዜ እንሠራና ከግራፍ ላይ እናነበዋለን። በሁለቱ ወሰኖች መካከል ያለው ርቀት ፕላስቲሲቲ ኢንዴክስ ነው፤ በላብ አፍ "ፒ አይ"። የመንገድ ተቋራጭ የአፈር ሪፖርት ሲደርሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚሄደው እሱ ላይ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ፊቱ ይጠቁራል፤ ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ እንደ ዋልካ ያለ አፈር ገጥሞኝ ይሆን ብሎ ነው።

የሚገርመው፣ ይህን ያመጣው ሰው መሐንዲስ አልነበረም። አልበርት አተርበርግ ስዊድናዊ ኬሚስት ነበር፤ ካልማር በምትባል ከተማ የኬሚስትሪና የዘር ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ። አጃ ሲመረምርና ሲመድብ የኖረ ሰው ነው። ወደ አፈር የዞረው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ሲሆን የወሰኖቹን ሐሳብ በ1911 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ያየው አፈሩን በገበሬ ዓይን ነው። ከዘረዘራቸው ወሰኖች አንዱ ለምሳሌ ጭቃ ብረት ላይ መጣበቁን የሚተውበት የውሃ መጠን ነው። እኛ ዛሬ ላብ ውስጥ አንለካውም፤ ማረሻው ላይ የተጣበቀ ጭቃ በእንጨት ሲፍቅ የዋለ ገበሬ ግን ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ሐሳቡን ወደ ግንባታ ያመጣው ካርል ቴርዛጊ ነው፤ ኩባያውን በ1932 እ.ኤ.አ. መልክ ያስያዘው ደግሞ አርተር ካሳግራንዴ። አተርበርግ ሳህኑን በእጁ እየመታ ነበር የሚሠራው። የሁሉ ሰው እጅ አንድ ስላልሆነ ካሳግራንዴ እጁን በመዘውር ተካው። ክሩን ግን አልነኩትም፤ ከመቶ ዓመት በኋላም በእጅ ነው የሚፈተለው።

ወደ እኛ አፈር ልምጣ።

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ የሄደ ሰው ቀለሙን አይረሳውም። የመንገዱ ጠርዝ፣ የእንሰቱ ጓሮ፣ የሕፃናቱ እግር ሁሉ ቀይ ነው። ዞር ብላችሁ ወደ ታች ስታዩ አባያ ሐይቅ ቡናማ ሆኖ ተንጣሏል፤ ያንን ቀለም የሰጠው ከደጋው በወንዝ ተጠርጎ የወረደው ደለል ነው። ይህ ቀይ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለረጅም ዘመን በሙቀትና በዝናብ እየበሰበሰ የመጣ ነው። ቀይ ያደረገው ብረት ነው። ብረቱ ደግሞ ማቅለም ብቻ አይደለም ሥራው፤ ደቃቁን ሸክላ እንደ ሙጫ እያያያዘ ጥቃቅን እንክብል ያደርገዋል። ለዚህ ነው ደረቁን በጣት ስታሹት ሸክላ የማይመስላችሁ፣ ደቃቅ አሸዋ ነገር የሚመስላችሁ። እርጥብ አድርጋችሁ ብዙ ካሻችሁት ግን እንክብሉ ይፈርስና ውስጡ የተደበቀው ሸክላ ይወጣል። አሥር ደቂቃ የታሸና ግማሽ ሰዓት የታሸ ቀይ አፈር አንድ ዓይነት ቁጥር ላይሰጡ ይችላሉ። እናቴ ይህን ስነግራት ምንም አልገረማትም። "ሊጥም እኮ እንደዛው ነው" አለች።

ከማሸቱ የባሰው ማድረቁ ነው። ምርመራው ሲጀመር አፈሩ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ 0.425 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት መነፋት አለበት የሚል ልማድ አለ። ለብዙ አፈር ችግር የለውም። አንዳንድ ቀይ የደጋ አፈሮች ግን አንዴ አጥብቀው ከደረቁ ወደነበሩበት አይመለሱም። ለምሳሌ ሃሎይሳይት የሚባለው ማዕድን በንብርብሮቹ መካከል የያዘው ውሃ አለ፤ ኦቨን ውስጥ ያንን ካጣ በኋላ ውሃ ብታጠጡት መልሶ አይወስደውም። ደቃቁ ቅንጣት ተያይዞ እንደ አሸዋ ይሆናል። ሊኩዊድ ሊሚቱ ይወርዳል፣ ፒ አዩም ያንሳል። በሪፖርቱ ላይ የሚነበበው አፈር ቁልቁለቱ ላይ ካለው አፈር "የተሻለ" ሆኖ ይገኛል። ችግሩ ቁልቁለቱ ላይ ያለው አፈር ኦቨን ገብቶ አያውቅም።

ነገሩ ምሥጢር አይደለም። በዓለም ላይ በሰፊው የምንከተለው የአሜሪካኖቹ መመሪያ ራሱ አፈሩን ሳያደርቁ የማዘጋጀት መንገድ አለው፤ ይደርቅ ከተባለም ለዚህ ዝግጅት ከ60 ዲግሪ እንዳያልፍ ያዛል። እንዲያውም በዚያው ደረጃ ማድረቅ የሚያመጣው ለውጥ እንደ መመርመሪያ ያገለግላል፦ የደረቀው ሊኩዊድ ሊሚት ካልደረቀው ከሦስት አራተኛ በታች ከሆነ አፈሩ ብስባሽ የበዛበት ነው ተብሎ ይመደባል። ግን ናሙና ከሰዓት በኋላ ገብቶ ውጤት በማግስቱ ሲፈለግ ማን እርጥብ አፈር በወንፊት ሲያጥብ ያመሻል? አንድ በሠራሁበት ቦታ ናሙናው እንደገባ በ105 ኦቨን ውስጥ ማሳደር ደንብ ነበር። ከዶርዜ ያመጣሁትን አንድ ጆንያ አፈር ለሁለት ከፍዬ፣ ግማሹን እንደነሱ፣ ግማሹን ሳላደርቅ ሠራሁት። ውጤቶቹን ስም ሳልጽፍባቸው ለአንድ ባልደረባዬ ሳሳየው "የትኛው ነው የጨንቻው?" ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱም ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ናቸው።

ነገሩ በተቃራኒውም ያሳስታል፤ ለዚህ ጎረቤታችን ኬንያ ጥሩ ምሳሌ አላት። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለናይሮቢ ውሃ የሳሱሙዋ ግድብ ሲሠራ በቦታው የነበረው ቀይ ሸክላ በወረቀት ላይ የሚያስፈራ ቁጥር ነበረው፤ ሊኩዊድ ሊሚቱ ከፍተኛ፣ ባሕርዩ ከለመዱት ሸክላ ሁሉ የተለየ። መሐንዲሶቹ ተጨነቁ። ቴርዛጊ ጉዳዩን መርምሮ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አስረዳ፦ አፈሩ ውስጥ ያለው ሃሎይሳይት ነው፤ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ስለሚገኙ ቁጥሩ ከሚያወራው ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ለግድብ ይሆናል። ሆነም። እዚህ ታሪክ ላይ የምወደው የቴርዛጊን ብልህነት አይደለም። የአፈር ሜካኒክስ አባት የሚባለው ሰው እንኳ በአውሮፓና በአሜሪካ ሸክላ የተለመደውን ሰንጠረዥ ለምሥራቅ አፍሪካ ደጋ እንደ ፍርድ አላየውም። እኛ ግን እዚሁ ተቀምጠን ሰንጠረዡን ከአፈሩ በላይ እናምነዋለን።

አፈርን በእጅ ማወቅን ካነሣሁ ሸክላ ሠሪዎቹን መዝለል አልችልም። በጋሞ ምድር ብዙ ቦታ ሸክላ የሚሠሩት ማና የሚባሉት ናቸው። ስሙ ራሱ ለረጅም ዘመን መናቂያ ነበር፤ ከሌላው ወገን ጋር አይጋቡም፣ አብረው አይበሉም ነበር። "ነበር" ያልኩት በተስፋ ነው እንጂ ዛሬም ለልጁ ሚስት የሚፈልግ አባት ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ሁላችንም እናውቃለን። ገበያ ላይ እንስራና ጀበና ከምትሸጥ አንዲት ሴት ጋር ተግባብተን አፈር የምትመርጥበትን እንድታሳየኝ ለመንኳት። ቆንጥራ አሸችው፣ በሁለት መዳፎቿ መካከል ወፈር ያለ ክር አደረገችው፣ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። ካልተሰነጠቀ ጥሩ ነው፤ ከተሰነጠቀ ሌላ አፈር ይጨመርበታል። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን የቁልቁለት ቀይ አፈር ሰጠኋት። አሸችውና ሳትጠመጥመው መለሰችልኝ። "ውሃ ይጠጣል፤ እሳት ላይ ግን ይሰነጠቃል" አለች። ሚዛን የላትም፣ ኦቨን የላትም።

በዚህ ተነሥቼ እሷ ከላቦራቶሪው ትበልጣለች አልልም፤ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ይሰለቸኛል። የእሷ ጥያቄ አፈሩ እሳት ይችላል ወይ ነው፤ የእኔ ጥያቄ ቁልቁለት ላይ ውሃ ይችላል ወይ ነው። ግን አተርበርግ ስሙን የሰጠውን ነገር እናቶቿ ለልጆቻቸው ሲያስተላልፉ እኛ ከእነሱ ጋር አንድ ማዕድ ላይ አንቀርብም ነበር። ይህን ሳስብ መስታወቱ ላይ የማንከባልለው ክር ትንሽ ይከብደኛል።

የእኔ ጥያቄ የወረቀት ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ያየነው ሐምሌ 15 ቀን 2016 ነው። ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ቀበሌ። ጋሞና ጎፋ ትናንት አንድ ዞን ነበሩ፤ ተራራውም ዝናቡም ይመሳሰላል። ከባድ ዝናብ ዘንቦ የመጀመሪያው ናዳ ቤቶችን ቀበረ። ሰው እንደ አገራችን ደንብ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጦ ወጣ። ሁለተኛው ናዳ የመጣው እነሱ ሲቆፍሩ ነው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ፎቶዎቹን ሁላችሁም አይታችኋቸዋል፤ ቀይ ቁልቁለት፣ አካፋ፣ ባዶ እጅ። እኔ ዓይኔን ያሰረው የጭቃው ሁኔታ ነበር። አፈሩ የሰዎቹን እግር ይይዝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሪፖርት ስጽፍ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ሊኩዊድ ሊሚትና ፕላስቲክ ሊሚት አፈሩ ምን እንደሆነ ይናገራሉ፤ ዛሬ የት እንዳለ ግን አይናገሩም። ለዚያ ሦስተኛ ቁጥር ያስፈልጋል፦ አፈሩ መሬት ውስጥ እንዳለ የያዘው ውሃ። ለምሳሌ ፕላስቲክ ሊሚቱ 38፣ ሊኩዊድ ሊሚቱ 65 የሆነ አፈር ይኑረን። መካከሉ 27 ነው። በጥር የተፈጥሮ ውሃው 41 ከሆነ ከ27ቱ ገና 3 ነው የተራመደው። በግንቦት 55 ከደረሰ 17 ተራምዷል፤ መንገዱን ከግማሽ በላይ ጨርሷል። አፈሩ ያው አፈር ነው፣ ሪፖርቱም ያው ሪፖርት ነው። ናሙና የሚወሰደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በበጋ ነው፤ መኪናው ተራራ የሚወጣው ያኔ ነዋ።

ባለፈው ጥር አጎቴ ዶርዜ ውስጥ የብሎኬት ቤት ሊሠራ ተነሣ። የዶርዜን ቤት የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ ከቀርከሃ ተሸምኖ፣ ፊቱ የዝሆን ፊት መስሎ፣ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይቆማል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው በየዓመቱ ያጥራል፤ ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ አንሥቶ ሌላ ቦታ ያቆመዋል። መሬቱን አይከራከረውም። አጎቴ ግን ምስጡም ማጠሩም ሰልችቶታል፤ አልፈርድበትም። ለብሎኬቱ ሜዳ ለማግኘት ከጓሮው ቁልቁለቱን ከሰው ቁመት በላይ ቀጥ አድርጎ ቆርጦታል። "አንቺ የአፈር ሐኪም አይደለሽ? ይችላል በይኝ" አለኝ።

ከቆረጠው ግድግዳ ናሙና ወስጄ በፌስታል ደራርቤ አሰርኩት፤ ሳላደርቀው ሠራሁት። ቁጥሩን ይዤ ስመለስ እንደ ፈተና ውጤት "ስንት አመጣ?" አለኝ። ውሃው ያኔ ፕላስቲክ ሊሚቱ አካባቢ ነበር። "አሁን ጥሩ ነው፤ ግን ይሄ የጥር ነው" አልኩት። ደስ አላለውም። ለዚያ ቁልቁለት ሁለቱ ወሰኖች ብቻቸውን እንደማይበቁ፣ ታሽቶ የተለካ አፈር መሬት ውስጥ ሳይነካ እንዳለው እንዳልሆነ፣ የሸር ጥንካሬው ለብቻው መለካት እንዳለበት ነገርኩት። በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ከብቶቹን ሊያይ ሄደ።

ግንቦት ላይ ተመለስኩ። ሁለት ሳምንት ዘንቦ ነበር። ከዚያው ግድግዳ፣ ከዚያው ቦታ፣ ጣቴን ሰድጄ አፈር አወጣሁና ምንም ውሃ ሳልጨምር በሩ ላይ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ፊቱ ማንከባለል ጀመርኩ። በጥር ያው አፈር እጄ ላይ ተፈርፍሮ ነበር፤ እሱም አይቶታል። አሁን ቀጠነ፣ ረዘመ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር አልፎ እንደ ዳንቴል ክር ሆነ። አልተበጠሰም። አጎቴ የሸማኔ ልጅ ነው፣ ራሱም ሸማኔ ነው። ከእጄ ተቀብሎ በሁለት ጣቱ ሳብ ሳብ አደረገው። ወደ ቆረጠው ግድግዳ ቀና አለ፣ ከዚያ ወደ ክሩ።

"ይሄ ከውስጡ ነው የወጣው? ውሃ አላስነካሽውም?"

"አላስነካሁትም።"

በማግስቱ ከቁልቁለቱ በላይ ጎርፉን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ሲቆፍር አገኘሁት። ሁለት የጎረቤት ልጆች ያግዙታል። የቤቱን የኋላ ግድግዳም አራት እርምጃ ወደ ፊት ለማምጣት ተስማምቷል፤ አንድ ክፍል ይቀንስበታል፤ ሚስቱ በዚህ አኩርፋለች፣ ከእኔ ጋር። ቀጥ ያለውን ቁርጥም በደረጃ እንዲያስተኛው ነግሬው ግማሹን ሠርቷል። የሚቀረው የጣሪያው ውሃ ነው። ቆርቆሮ ዝናቡን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ መስመር ግድግዳው ሥር ነው የሚያፈሰው፤ አሸንዳ ያስፈልገዋል። መስከረም ላይ እገዛለሁ ይላል። መስከረም ዶርዜ ይዘንባል።